ኳሷን ያነጠርንባቸው ቅዳሜዎች

ወንድሜ ምስራቅ ጀርመን ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ በሻንጣው ለእናታችን ሹራብ፣ ለእኔ ጫማ፣ ለራሱ ደግሞ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ጫማው ጠበበኝ። ኮምፒውተሯም ብቻዋን ምንም አትሠራም፤ ከቴሌቪዥን ጋር መገናኘት አለባት። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼና እትዬ ይላቸዋል። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ሳሎናቸው ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረቻቸው፤ ስርጭቱ ወደ ማታ ስለሚጀምር ቀን ቀን ዳንቴል ለብሳ ትውላለች። ወንድሜ ሄዶ እንዲያውሱት ሲጠይቃቸው ጋሼ ትንሽ አሰቡና፣

"አይፈነዳም?" አሉት።

"ኧረ አይፈነዳም ጋሼ!"

"እንግዲያው ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። ዜናው ብቻ እንዳያመልጠኝ።"

እኔ ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ወንድሜ ይዞኝ የሄደው ሊያስተምረኝ አስቦ ሳይሆን ጣቶቼን ፈልጎ ነው። ያቺ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር የተነገራትን ሁሉ ትረሳለች። ስለዚህ ትዕዛዞቹን ደብተር ላይ ጽፈን፣ በየሳምንቱ እንደ አዲስ መምታት ነበረብን። እሱ አንዷን ፊደል ፈልጎ እስኪያገኝ እኔ መስመሩን ጨርሼ እጠብቀዋለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ዝም ብሎ መምታት ሰለቸኝ። "ወንድምጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" እያልኩ አላስቀምጠው አልኩ። እሱም ባለካሬ የሒሳብ ወረቀት አውጥቶ አስረዳኝ። ስክሪኑ እንደዚህ ወረቀት ነው፤ ወደ ቀኝ ስንት፣ ወደ ታች ስንት ብለሽ ቦታውን ትነግሪያታለሽ፤ እሷ እዚያ ላይ ክብ ትሠራለች። ክቡ እንዲሄድ ከፈለግሽ አጥፊውና አንድ ካሬ አለፍ ብለሽ ደግመሽ ሥሪው። በቃ፣ ኳስ ሆነ።

የመጀመሪያዋን ኳሴን ስሠራ ማጥፋቱን ረሳሁት። ከግራ ተነስታ እስከ ቀኝ ድረስ ጅራቷን እየጎተተች ሄደች።

"ኳስ ሳይሆን ትል ነው የወለድሽው" ብሎ ሳቀብኝ።

ማጥፋቱን ስጨምር ደግሞ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ በርራ አለፈች። በየእርምጃው መሃል ኮምፒውተሯን ዝም ብለሽ ቁጠሪ እያልን ስናዘገያት ነው ደህና አካሄድ የያዘችው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች እንድትወርድ አደረግኳትና ከታች መሬት የሚሆን መስመር አሰመርኩ፤ ኳሷ ስትነካው ጢጥ የሚል ድምፅ ሰጠኋት። ወደ ታች፣ ጢጥ፣ ወደ ላይ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እትዬን ከሱቅ ጠራኋቸው።

እትዬ በሽርጣቸው እጃቸውን እየጠረጉ መጡና ቆመው አዩ።

"ቆንጆ ናት፤ ግን ነፍስ የላትም" አሉ።

"እንዴት እትዬ?"

መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ሱቅ ተመልሰው ለሽያጭ ከተሰቀሉት የላስቲክ ኳሶች አንዱን ይዘው መጡ። ምንጣፉን ገለጥ አድርገው ሲሚንቶው ላይ አነጠሩት። "እይው ልጄ። ወደ ላይ ሲወጣ ይደክመዋል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ ያስባል። ሲወርድ ደግሞ ይሮጣል። ያንቺዋ ስትወጣም ስትወርድም እንደ ወታደር እኩል ትረግጣለች። ደግሞ አንዴ ከነጠረች በኋላ እስከ ሞቷ ያው ከፍታ ነው እንዴ?"

ወንድሜ ኳሱን ከእጃቸው ተቀብሎ እሱም አነጠረው። ኋላ እንደነገረኝ፣ እዚያ አገር አስተማሪው ይህንኑ ነገር ሲያስረዳቸው ሰሌዳውን በቀመር ሞልቶት ነበር። ያን ቀን ተቀምጠን ቁጥሮቹን ለወጥናቸው፤ ሲወጣ እርምጃው እያጠረ፣ ሲወርድ እየረዘመ፣ በየንጥረቱ ከፍታው እየቀነሰ። እትዬ ሱቅና ሳሎን እየተመላለሱ፣ "ገና ናት፣ አሁንም ገና ናት" ይሉን ነበር። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቆም ብለው አዩና፣ "አሁን ወላሂ ኳስ ሆነች" አሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣ።

"ከዚህ ቤት በየቅዳሜው ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል ተብሎ ጥቆማ ደርሶናል" አለ።

ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። ከውጭ ከመጣ ገና መንፈቅ አልሞላውም፤ በዚያ ዘመን ለመጠርጠር ከዚህ ያነሰም ይበቃ ነበር።  ጋሼ ከሱቅ ብቅ ብለው፣ "ኳስ ናት የምትጮኸው፤ ግባና በዓይንህ እይ" አሉት።

ገባ። ቁልፉን ተጫንኩ። ኳሷ ወረደች፣ ጢጥ፣ ነጠረች።

"ይሄ ለማን ነው መልእክት የሚያስተላልፈው?"

"ለማንም። እዚሁ ነው የሚነጥረው" አልኩ።

"መልሺው እስቲ።"

መለስኩት። ደግሞ መልሺው አለኝ። በአራተኛው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወንበር ሳበ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ "ድምፁ ይዘገያል። መሬት ከነካች በኋላ ነው የሚጮኸው" አለ።

እኔና ወንድሜ ተያየን። ልክ ነበር። ስንት ሳምንት ስንሰማው ጆሯችን ለምዶት አላስተዋልነውም። ድምፁን የሚያዘውን መስመር ከማዘግያው ቆጠራ በፊት አስገባሁትና እንደገና ለቀቅኳት።

"አሁን ገጠመ" አለ፤ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ሲወጣ ደግሞ ቆም ብሎ፣ "ኳስ ነው ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። እናንተም ድምፁን ዝቅ አድርጉት" አለን። እግሩ እንደወጣ እትዬ መጀመሪያ አላህን አመሰገኑ፤ ቀጥለው፣ "እኔ እንኳ ያልሰማሁትን!" ብለው ተቆጩ።

ክረምቱ ሲወጣ ወንድሜ ክፍለ ሀገር ተመደበ። ኮምፒውተሯንም ይዟት ሊሄድ ነው። በመጨረሻው ቅዳሜ እትዬ ከጎኔ ተቀመጡና፣ "እስቲ እኔም አንድ ነገር ልዘዛት" አሉ። ቁጥር የለዩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የከፍታውን ቁጥር አሳየኋቸው፤ አጥፍተው በአንድ ጣታቸው ዘጠኝን ሦስት ጊዜ መቱ። ኳሷ ሽቅብ ተተኩሳ ከስክሪኑ ወጣች፤ ጠበቅናት፣ አልተመለሰችም።

"የት ገባች?" አሉ ደንግጠው።

"እንጦጦን ሳታልፍ አትቀርም" አላቸው ወንድሜ።

እትዬ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ወንድሜ ከሄደ በኋላም ቅዳሜ ከሰዓት እግሬ ወደዚያው ይወስደኝ ነበር። የምሠራው ነገር የለኝም። እትዬ ደንበኛ ሲያስተናግዱ እኔ ስኳር እመዝንላቸዋለሁ፤ ሰው ጋብ ሲል ሳሎን ገብተን እስኪመሽ እናወራለን።