በስፌት መኪና የተሄደ መንገድ

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ የእኔን ልጅ ታክላለች። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «አባባ፣ ስኳርዎ ገና በሽታ አልሆነም፤ ግን ደጃፍ ላይ ቆሟል» አለችኝ። ከዚያ ሜትር አውጥታ ወገቤን ለካችው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ ኖሬ የራሴን ወገብ ሌላ ሰው ሲለካው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቁጥሩን ሳይ አፈርኩ። ለደንበኛ ቢሆን «ትንሽ እንልቀቀው» ብዬ አልፈው ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚውሉት?» አለችኝ።

«ልብስ ሰፊ ቆሞ አይሰፋ፣ ልጄ!»

አልሳቀችም። «በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፤ በሦስት ወር ተመልሰን እናያለን» ብላ ሸኘችኝ።

ሚስቴን የወሰዳት ይሄው ስኳር ነው። ስለዚህ ነገሩ ለልጄ ቀልድ አልነበረም። እሷ ለቡ መብራት ኃይል ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ያን ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። በዚያው ሰሞን እሷንም መርምረው የእርግዝና ስኳር አለብሽ ብለዋታል። በማግስቱ መካኒሳ አቦ ወዳለው ሱቄ መጣችና ሁለት ጥቁር የእጅ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ያያል፣ እንቅልፍ ይጠብቃል አለችኝ። ስልኬን ተቀብላ ስትነካካ ቆየችና፣ «በቃ፣ ያንተን እኔ አያለሁ፣ የእኔን አንተ ታያለህ» አለች።

«እኔ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ሲመሽ አይኔ ይነግረኛል» አልኳት። ግን አሰርኩት።

ሁለት ቀን አልቆየም። ስሰፋ ጨርቁን የምመራው በግራ እጄ ነው፤ የሰዓቱ መቆለፊያ የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ ያዘና ክር መዘዘበት። ተናደድኩ፣ ፈታሁት። ልጄን ደግሞ ማስቀየም አልፈለግኩም፤ ስለዚህ ቀኝ እግሬ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ አድርጌ ካልሲዬ ላይ አሰርኩት። አጠገቤ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ጎረቤቴ አይታ «ውይ ጋሼ! እንዳይጠፉ ነው ልጅዎ ያሰረችዎት?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የእኔ መኪና በእግር የሚረገጥ የድሮ መኪና መሆኑ ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ።

በዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ! አሥራ አንድ ሺህ! አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ እኮ ነው የሄድከው! አንበሳ!»

እኔ የማስታውሰው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ልስም ሄጄ መመለሴን ነው። «እንዲያ ነው እንግዲህ» አልኳት።

አሁን ይህን ስናገር ሰው ላያምነኝ ይችላል፤ ግን እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ሳምንት የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ፔዳሉን መርገጥ ስጀምር ሐሳቤ ይነሳና ይሄዳል፤ ድሮም እንዲህ ነኝ። ቺንጊያው ይዞራል፣ መርፌው ይወርዳል ይወጣል፣ እኔ ደግሞ የሰፋሁትን ልብስ በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ላፍቶ መንገድ ላይ ነኝ። ወጣት ሆኜ ለላፍቶ ገበሬዎች ልብስ የማደርሰው በእግሬ ነበር። ያን ጊዜ ማሳ ነው፤ ገብሱ ወገብ ይደርሳል፣ ከዝናብ በኋላ ጭቃው ጫማ ይቀማል፣ የቤቱ እመቤት ቀሚሷን በግቢው ውስጥ ለብሳ ዞር ዞር ብላ ታሳየኛለች። የሱሪ ጎን ስሰፋ ሜዳው ረጅምና ለጥ ያለ ነው። እጅጌ ስገጥም ቁልቁለት ይመጣል። ክር ስቆርጥ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር አረፍ እላለሁ። ቀና ስል ሱቄ ውስጥ ነኝ፤ ጀርባዬ ላይ ላብ አለ። እንዲህ የዋለ ሰው አልሄደም ይባላል?

መስከረም ሊጠባ ሲል ግን ነቃሁ። የተማሪ ዩኒፎርም የሚጣደፍበት ጊዜ ነው፤ ዝናቡም ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ብሎ ነበር። ምሳዬን እንኳ እዚያው መኪናው ላይ በላሁ። ከወንበሬ የተነሳሁት ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካልሲዬ ላይ ሰዓቱ ድርርር አለ። ሱሪዬን ገልቤ ባየው ርችት እየተኮሰልኝ ነው፤ አሥራ ስድስት ሺህ! እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም። እግሬን አየሁ፣ ፔዳሉን አየሁ። «አይ አንተ ሽማግሌ» አልኩ ለራሴ።

ያኔውኑ መንገር ነበረብኝ። ሳልነግራት ቀረሁ፤ ምክንያቱ ደግሞ አሳፋሪ ነው። ሰዓቱን ከማሰሬ በፊት ልጄ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ቸኩላ ነበር የምትደውልልኝ። ከሰዓቱ በኋላ ግን በየቀኑ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። ቁጥሩን ታወድሳለች፤ ከዚያ የበላችውን ትነግረኛለች፤ ከዚያ ሕፃኑ እንዴት እንደተራገጠ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረም። ያን ድምፅ ላጣው አልፈለግኩም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

በአንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልትጠይቀኝ መጣች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ሳየው ደነገጥኩ። አብጦ የጫማው ጠርዝ ቆዳዋ ላይ ታትሟል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በእግር መሄድ ነዋ! ሐኪሜ ከምግብ በኋላ ትንሽ ትንሽ ሂጂ ነው ያለችኝ፤ እኔ ግን አንተን ለመድረስ ብዬ…» ሳቀች። «አባቴ በስልሳ አራት ዓመቱ አሥራ ሦስት ሺህ ሲሄድ እኔ በስድስት ሺህ ልተኛ? ከቢሮ ስወጣ ታክሲ ትቼ በእግሬ ነው የምመጣው። ካልሞላልኝ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ባሌ አበድሽ እንዴ ይለኛል።»

ተነስቼ ሱቁን ከፈትኩ፤ ቤቴና ሱቄ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው። «ነይ» አልኳት። መኪናው ላይ ተቀመጥኩ፤ ክርም ጨርቅም የለው። ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ሰዓቱን እግሬ ላይ አሳየኋትና «የእኔን ቁጥር በስልክሽ እዪ» አልኳት። መርገጥ ጀመርኩ።

ስልኳን እያየች ቆመች። መኪናው ባዶውን ይጮኻል። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች፤ ገባት።

«ሁሉም?»

«ከቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልሱ በስተቀር ሁሉም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ከመስከረም በፊት።»

«እኔ እኮ እግሬን እያመመኝ፣ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፣ አባዬ» አለችኝ። «ስኳር እማዬን ያደረጋትን አይቻለሁ። አንተ እየዳንክ ነው ብዬ ነው ደስ ብሎኝ የምተኛው።» ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከኋላዋ ተከተልኩ፤ ታክሲው ግን ቀድሞኝ ሄደ።

ማታ አልደወለችም። በማግስቱም አልደወለች። እኔ ስደውል ባሏ ያነሳል፤ «ደህና ናት፣ ፈቃድ ወስዳ ቤት እያረፈች ነው» ይለኛል። በስልኬ ላይ የእሷን ቁጥር እከፍታለሁ፤ ሰኞ ዜሮ፣ ማክሰኞ ዜሮ፣ ረቡዕ ዜሮ። እግሯ ማረፉ ደስ ይለኛል፤ ግን ጨርሶ ስትተወው ስኳሩስ? ሕፃኑስ? ምን ዓይነት አባት ነኝ እያልኩ ፔዳሉን መርገጥ እንኳ አስጠላኝ። ሐሳቤም ላፍቶ አልሄድ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ሰዓቱን ፈትቼ መኪናው ላይ አስቀመጥኩት። ስልኬንም አጠገቡ ተውኩት። ጎረቤቴን «ሱቁን እይልኝ» ብዬ መንገድ ጀመርኩ።

ጭጋግ ነበር። ቤቶቹ እስከ ግማሻቸው ብቻ ይታያሉ፤ ከላይ ያለው ፎቅ የለም። ላፍቶ ስደርስ ለአፍታ ከጭጋጉ ጀርባ ገብሱ ያለ መሰለኝ፤ ደግሞ ሲገለጥ የብሎኬት አጥር ሆነ። በሐሳቤ ስሄድ ጉልበቴ አሞኝ አያውቅም፤ ይሄኛው መንገድ ግን ጉልበቴን በላው። ወያላዎቹ «ለቡ! ለቡ! አባት ይግቡ!» ይሉኛል፤ ልቤ ይገባል፣ እግሬ እምቢ ይላል። ሦስት ቦታ ተቀመጥኩ። አንዴ ድንጋይ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል እውነቴን ነው የምላችሁ ፈራሁ። ይሄን ያህል መድከሜን አላውቅም ነበር።

በሩን እሷው ከፈተች። ፊቴ ላይ ላብ፣ ሱሪዬ ላይ አቧራ፤ ለመናገርም ትንፋሽ አልነበረኝም።

«በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

እግሬን አየች፤ እጄንም አየች። «ሰዓቱስ?»

«ትቼው መጣሁ።»

«ታዲያ ማን ቆጠረልህ?»

«ማንም።»

ከራሴ እስከ ጫማዬ አየችኝ። ካላመነችኝ ትክክል ናት፤ ምን ማስረጃ አለኝ?

«አምኜሃለሁ፣ አባዬ» አለችኝ።

እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ውኃ ሰጠችኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ጠጣሁ። ላቤ ሲደርቅ ቁርሷን መብላቷን ጠየቅኳት፤ በልታለች። «እንግዲያው እስከ ታችኛው ማዞሪያ፤ ከዚያ በላይ አንቺም እኔም አንችልም» አልኳት። ጫማዋን አመጣች፤ ጎንበስ ማለት ግን አቅቷት ቆመች። ተንበርክኬ ማሰሪያውን አላላሁላትና አሰርኩላት፤ ተያይዘን ወጣን።