ማግኔቱን እያወቅሁ ገጠምኩት

ሸምሱ በገዛ ጋራዤ፣ በሰው ፊት መሃይም ብሎ ሰድቦኛል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ያደረግሁበትን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ለሚስቴ እንኳ ሳልናገር ኖርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ጽሑፌ ካላማረህ እለፈው። እንዳታዝንልኝ ብቻ።

ሸምሱና ታናሹ ከድር የመስቃን ሰዎች ናቸው፤ ቡታጅራ ውስጥ ጎረቤቶቼ። በአንድ ፒካፕ ለገጠር ሱቆች ሸቀጥ ያመላልሱ ነበር። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው። መኪናው ሲሰምጥ ራሱን በሽቦ ገመድ ጎትቶ የሚያወጣበት ዊንች ግጠምልን ብለው መጡ። ሸምሱ ሁለት ዓይነት የዊንች ሞተር ይዟል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን ሊመልስ። አንደኛው እንደ መኪና ማስነሻው፣ እንደ ሞተሪኖ፣ ውስጡ የመዳብ ጥቅል ነው፤ ባትሪ ይበላል፣ ረጅም ጉተታ ግን ይችላል። ሌላው ባለ ማግኔት ነው። ባትሪ ይቆጥባል፤ ሲግል ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ለአጭር ጉተታ ይሆናል፣ ለዚያ ጭቃ አይሆንም። እኔ በጣቴ ነው የምለያቸው፤ የማግኔቱን ዘንግ በእጅህ ስታዞረው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል።

ሸምሱ የሞተሮቹን ወረቀት አነበበና ባለ ማግኔቱን አነሣ። "የሚጎትቱት ክብደት እኩል ነው። ይሄን፣ ቀላሉን ግጠም።"

"ቆይ እስቲ፣ እሱ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ወልዴ፣ አንተ ብሎንህን ፍታ! መሃይም ደግሞ ስለ ወረቀት ምን አገባው? ፊደል እንኳ አንተን ሲያይ ይሸሻል።"

ጋራዡ በሳቅ አውካካ። ከድር ብቻ፣ "ተው እንጂ ሸምሱ፣ ሰውዬው ይናገር" አለ።

ተናገርኩ? አልተናገርኩም። "እሺ ጌታዬ፣ እንዳነበብከው" አልኩና ማግኔቱን ገጠምኩት። እያወቅሁ ገጠምኩት። ብሎኑን ሳጠብቅ በልቤ፣ ጭቃ ውስጥ ገትሮት ይዋረድ እል ነበር።

በዚያው ሐምሌ ዳገት ላይ ሰመጡ። ገመዱን ባሕር ዛፍ ላይ አስረው ጎተቱ። ሞተሩ ግሎ ደከመ፣ ገመዱ መላላት ጀመረ። ከድር ጎማው ሥር ድንጋይ ሊያደርግ ከኋላ ገባ፤ መኪናው ተንሸራተተበት። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሸምሱ ሲሰድበኝ ለእኔ የተናገረልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ሸምሱ የተቃጠለውን ሞተር ታቅፎ መጣ። "ወልዴ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ወረቀቱ እኩል ናቸው ነው የሚለው።"

"አንባቢው አንተ" አልኩት።

ይህን አልኩት! ደስም አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ ደስ የሚለው?

ከድር ወንድሙን "እግሬን ያስቆረጥከው አንተ ነህ" ብሎ ተለየው። በአረፋ እናታቸው ሁለት ጊዜ ማዕድ ያቀርባሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ከአጥሬ ላይ ሆኜ አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት? አይደለም። ሸምሱ አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ማየት ጥሞኝ ነው።

በሰባተኛው አረፋ ማግስት እናታቸው ደጃፌ ላይ ቆሙ። "ወልዴ ልጄ፣ ጎረቤታቸው ነህ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥና ሳልሞት አስታርቅልኝ።"

እኔ ሽማግሌ! እኔ አስታራቂ! ሄድኩ፣ ከሽማግሌዎቹም መሀል ተቀመጥኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊትና ጀርባ ሆነው ነበር። አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ ከበዳይ ቦታ ቆምኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ከድር ክራንቹን ተመርኩዞ ተነሣና ሄዶ ሸምሱ አጠገብ ተቀመጠ። ወደ እኔ አላየም።

ሸምሱ፣ "ያኔ ብትነግረኝም አልሰማህም ነበር" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ምሕረት ቆጠሩልኝ። እኔ አልቆጥረውም። ባይሰማስ? መስማት የሱ ነበር፣ መናገር የኔ። ሸምሱን ዛሬም አልወደውም፤ እሱም አይወደኝም። የሁለቱ ወንድማማቾች ጠብ ግን ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. አለቀ።