ለምን እንደሚያኝኩ ነገሩኝ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ታከር በምትባል ከተማ፣ ሳሙናና ቅባት የሚያሽግ መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በሦስተኛው ዓመት ሊድ፣ የማሸጊያው መስመር ኃላፊ፣ አደረጉኝና አሥራ ሁለት ሴቶች በእኔ ሥር ሆኑ። ከመካከላቸው ሁለቱ እናትና ልጅ ነበሩ፤ ከበርማ ተራሮች የመጡ፣ ካረን የሚባለው ሕዝብ ወገን። አሁን ስጽፍ እናትየዋን አንቱ እላቸዋለሁ። ያኔ ግን በልቤ አንቺ ነበሩ፤ እንግሊዝኛም ለዚህ ይመቻል።

ስልሳ ያለፋቸው፣ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማይበልጥ፣ እጃቸው ግን ከሁላችንም የፈጠነ ሴት ነበሩ። ጥርሳቸው ጠቁሯል፤ ድዳቸውና ከንፈራቸው ቀይ ነው። ብሬክ፣ የእረፍት ሰዓት፣ ሲደርስ ፓርኪንግ ሎቱ ዳር ይቀመጡና አንድ ጠንካራ ፍሬ ኖራ በተቀባ ቅጠል ጠቅልለው ያኝካሉ። ቀዩን ምራቅ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይተፋሉ።

“ደም መጣጯ” የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ምሳ ላይ ለቀልድ ተናገርኩት፤ ሳምንት ሳይሞላ ፎርክሊፍት የሚነዱት ሁሉ በዚያ ስም ይጠሯቸው ጀመር። እሳቸው እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ሰላምታ እየመሰላቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ፈገግ ይላሉ። ፈገግ ሲሉ አፋቸው ይታያል፤ ሳቁም ይብሳል። ልጃቸው ትሰማለች፤ ግን ሥራው ያስፈልጋታልና ዝም ትላለች።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አባቴ ቤት ዱዓ ያለ ጫት አይያዝም ነበር። እዚህም ባለቤቴ እሁድ እሁድ የደረቀውን ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም፣ ፍራሽ የማነጥፈውና ውሃ የማቀርበው እኔ ነኝ። የእኛ ወግ ነው፤ የሳቸው ቆሻሻ ነው። ሁለቱን አንድም ቀን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየሁም።

አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ በሩ ሥር ተጠልለን ሳለ፣ ለምን እንደሚያኝኩ በልጃቸው በኩል ጠየቅኋቸው። ለወሬ ነበር፤ ምሳ ላይ የምነግራቸው አዲስ ነገር ፈልጌ። እሳቸው ግን የምር አድርገው መለሱልኝ። ትንሽ ልጅ እያሉ ወታደሮች መንደራቸውን ሲያቃጥሉ ከቤተሰባቸው ጋር ሸሽተው ጫካ ገቡ። ልጅ ሲርበው ያለቅሳል፤ አንድ ልጅ ካለቀሰ ወታደሮቹ ይሰሙና ሁሉም ያልቃሉ። እናታቸው ፍሬውን በጥርሳቸው አድቅቀው አፋቸው ውስጥ ጨመሩላቸው። ራሳቸው ዞረ፣ ረሃቡ ጠፋ፣ ዝም አሉ። ታናሽ ወንድማቸው ግን ሕፃን ስለነበር ማኘክ አይችልም። እሱ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ጫካ ከመግባታቸው በፊትም ቢሆን አዋቂ ሁሉ ያኝክ ነበር አሉ። እንግዳ ሲመጣ ከምግብ በፊት የሚቀርበው እሱ ነው። የተጣሉ ሰዎች አንዱ ለሌላው ጠቅልሎ ይሰጣል፤ የተቀበለ ታርቋል። ይህን ብለው ከትንሽ ቆርቆሮ አንድ ጥቅል አወጡና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

“በመካከላችሁ አንድ ነገር እንዳለ ይሰማታል፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ለእሱ ነው ትላለች” አለችኝ ልጅቷ።

ተቀበልኩ። በኋላ አኝከዋለሁ አልኩ።

በዚያ ሰሞን የባለቤቴ እህት ከደሴ መጥታ ሁለት ወር ሙሉ እኛ ቤት ነበረች። ማድ ቤቴ የእሷ ሆኗል፤ በአነጋገሬም በአበሳሰሌም ትገባለች። ሥራ ይዛ እንድትወጣልኝ ፈልጌ ማናጀሩን ብለምነው ክፍት ቦታ የለም ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ጥቅሏን በጓንት ይዤ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ሴትዮዋ መስመር ላይ ያኝካሉ፣ ምራቃቸውም ካርቶን ላይ ይንጠባጠባል አልኩት። መስመር ላይ አንድም ቀን አኝከው አያውቁም።

“በዓይንሽ አይተሻል?” አለኝ።

“አይቻለሁ” አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አስጠርቶ ፋየር አደረጋቸው፤ ከሥራ አባረራቸው። ልጃቸው እያስተረጎመች፣ እኔ ምስክር ሆኜ በሩ ላይ ቆሜ። ጥቅሏ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናት። አይተው አወቋት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። አልተቆጡም። እጃቸውን ዘርግተው አነሷትና ቆርቆሯቸው ውስጥ መልሰው ከደኑት። ልጅቷም ጓንቷን አውልቃ ተከትላቸው ወጣች። በነጋታው የባለቤቴ እህት በቦታቸው ቆመች፤ ሥራው ወገቤን አመመኝ ብላ በሦስተኛው ሳምንት ተወችው።

ባለፈው ዓመት ዲኬተር ባቡር ጣቢያ ልጅቷን አገኘኋት። እንዳላየች ልታልፈኝ ስትል ጠራኋትና ስለ እናቷ ጠየቅኋት። ምላሳቸው ላይ ቁስል ወጥቶ ሐኪም ፍሬውን እንዳያኝኩ ከልክሏቸዋል፤ ብዙም አይናገሩም አለችኝ። ቤት ድረስ መጥቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው አልኳት።

“አትምጪ” አለች። “ከመጣሽ ትቀበልሻለች። እኔ ያንን ማየት አልፈልግም።”

ባቡሯ መጣና ገባች። እውነቱን ልናገር፣ እንዳልሄድ ስትከለክለኝ ቀለለኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ልሄድ ነበር፣ እምቢ አሉኝ እላለሁ።