ኢንኩቤተሩ ውስጥ ያገኘሁት ሊጥ

ዛሬ ጠዋት የቤተ ሙከራችንን ኢንኩቤተር፣ ሕዋሳት በሙቀት የሚያድጉበትን ሣጥን፣ ስከፍት፣ ከሳህኖቼ አጠገብ በፎጣ የተሸፈነ የዳቦ ሊጥ አገኘሁ። ጥሩ ኩፍ ብሏል።

ሳህኖቹ ውስጥ ለምርምር የማሳድገው የአንድ አዛውንት ቄስ ነጭ የደም ሕዋሳትን ነው። ከመካነ ብርሃን መጥተው ደማቸውን ሲሰጡኝ «በከንቱ አይፈስም» ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር።

ሕዋሳቱ በሦስተኛው ቀን ተልቀው፣ እንደ ወይን ዘለላ ተሰባስበው መባዛት ጀምረው ነበር። ዛሬ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው መካከላቸውን እርሾ ሞልቶታል።

የኢንኩቤተሩ ቁልፍ ያለው በእኔና በሥራ ባልደረባዬ በውብዓለም እጅ ብቻ ነው።

«በደባርቅ ብርድ ሊጥ አይነሣም፤ ነገ ደግሞ የማኅበር ተራዬ ነው» አለችኝ ስጠይቃት። «ከትናንት በስቲያም አስነሥቼበት ነበር። ዳቦውን አመስግነህ በልተህ የለ?»

በልቻለሁ። ጥሩ ዳቦ ነበር።

እርሾው ከሊጡ ለመምጣቱ ገና ማረጋገጫ የለኝም፤ ሌላ ምንጭ ግን አልታየኝም። ጥቂት ሕዋሳት እርሾውን ከበው ሊውጡት ሲታገሉ አየሁ። እነሱ ባዕዱን ወዲያው ለይተውታል፤ እኔ ግን ቁልፍ ሰጥቼ ነበር።

ቄሱ በየጠዋቱ ደውለው ስለ ሕዋሳቱ «ልጄ፣ እንዴት አደሩልኝ?» ይሉኛል። ዛሬ ስልኩን አላነሣሁም።

እናንተስ ያመናችሁት ሰው አደራችሁን ሲያበላሽ፣ ለአደራው ባለቤት ምን ብላችሁ ነገራችሁት?