ማኖቬላው ከእኔ ጋር ሄደ

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ከነዱቄቴ ነው የወጣሁት። ፊቴ ነጭ፣ ሽፋሽፍቴ ነጭ ነበር። አገሬን ማንኩሳን በደንብ ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም።

በአያ ተገኘ ወፍጮ ቤት ነበር የምሠራው። ሁለት ወፍጮ ነበራቸው፤ ትልቋና አሮጌዋ በእኔ እጅ ነበረች። ድንጋዩ ሲለሰልስ ተፈትቶ ይወቀራል፣ ሞተሩን ከወፍጮዋ የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይወጠራል፣ ከዚያ እንደገና ትነሣለች። አያ ተገኘ ለዚህ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ለጥገና ወደ ወፍጮዋ ውስጥ የሚገባ ሰው የሞተሩን ማስነሻ፣ ማኖቬላውን፣ ነቅሎ ወገቡ ላይ ይሻጣል። ያለ እሱ ሞተሩ አይነሣም፤ ማንም ተሳስቶ አይፈጭህም። ሥራው ሲያልቅ መከለያው ይመለሳል፣ ቺንጋው በእጅ አንድ ዙር ይዞራል፣ ከዚያ አያ ስም ይጠራሉ። የተጠራ ሁለት እጁን አንሥቶ «ወጥቻለሁ» ይላል። ብቻዬን የገባሁ ቀን እንኳ፣ ፊታቸው ቆሜ እያዩኝ፣ «ይርጋ!» ብለው ይጠሩኝ ነበር። በልቤ እስቅ ነበር። የእሳቸው እጆች ሲነሡ የሚቆጠረው ግን ስምንት ጣት ነው፤ ስለዚህ በፊታቸው ስቄ አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ድንጋዩን ወቅሬ ከሥሩ ጠጠር ስለቅም የአያ ባለቤት እማማ ስንዱ በጓሮ በር ገቡ።

«ይርጋ፣ አፈሳ መጥቷል! ለውትድርና ጎረምሳውን እየያዙት ነው። በል ውጣ!»

«አያስ?»

«የቀበሌውን ሊቀመንበር ደጅ ላይ በወሬ ይዘውታል፤ ውጣ እንጂ!» ብለው በጀርባዬ ገፉኝ።

በቆሎ የጫነ መኪና ወደ ቡሬ ሊነሣ ነበር። ሾፌሩ ያውቀኛልና በጆንያዎቹ መካከል ሸሸገኝ። ቡሬ ስንደርስ ጎኔን የሚወጋኝ ነገር አለ። ብዳስሰው ማኖቬላው ነው።

«መልሰኝ» አልሁት ሾፌሩን።

«ለብረት ብለህ ልትታፈስ?»

የጨነቀኝ ብረቱ አልነበረም። አያ ተገኘ ወጥቻለሁ ያላለ ሰው እያለ ወፍጮ አያስነሡም። እንጀራ ያበላኝን ሰው ወፍጮ ዘግቼ፣ ደኅና ይሁኑ እንኳ ሳልል መሄዴ ነው።

ከዚያ እስከ መተማ፣ ከመተማም እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ያልሄደበትን በወሬ አላደክመውም። ቅሏን ከአፏ ነጥላ ውኃ ያጠጣችኝን ያችን ሴት ግን እግዜር ይስጥልኝ።

ገዳሪፍ ሙቀቷ ልብ ያጠፋል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ስስ ከመሆኑ የተነሣ በወዲያ በኩል ያለው ሰው ይታያል። ቢሆንም በደጃቸው ሳልፍ «ተፈደል!» ሳይሉኝ በልተው አያውቁም፤ የእኛው «እንብላ» ነው። የስደተኛ ወረቀት የሚጽፈው ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሥራህ?»

«ወፍጮ።»

«ማስረጃ?»

ሌላ ስለሌለኝ ማኖቬላውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሞተር ማስነሻ።»

«ሞተሩስ?»

«ማንኩሳ።»

«ማንኩሳ የት ነው?»

«ከፍኖተ ሰላም አጠገብ።»

«ፍኖተ ሰላምስ?»

«ከማንኩሳ አጠገብ።»

እስኪበቃው ሣቀና ማኅተሙን መታልኝ።

የተቀጠርሁበት የማሽላ ወፍጮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ማኖቬላ የለውም፣ ግድግዳው ላይ ማብሪያ ብቻ። አላፊ አግዳሚው ሊያበራው ይችላል። ስለዚህ ለጥገና ስንገባ ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ፤ ስንጨርስ ስም እጠራለሁ። «ሙፈቲሽ» ብለው ተሳለቁብኝ፣ ተቆጣጣሪው ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ጥገናው አለቀ፣ መከለያው ገባ፣ ደንበኛው ውጭ ተሰልፎ ይጮኻል። አለቃችን ዑስማን «ያላ፣ ፊውዙን!» አለኝ። ስም ጠራሁ። አራት ሆነን ገብተን ነበር፤ የተገኘነው ሦስት ነን። እድሪስ የለም።

«ሊሰግድ ሂዷል» አለ ዑስማን።

«ወጥቻለሁ ሳይል አልሰጥም።»

«ኢንታ መጅኑን!» አብደሃል ማለቱ ነው። እጁን ወደ ኪሴ ሰደደ። ፊውዙን ጨብጬ ከማብሪያው ፊት ቆምሁ፤ ሥራዬ በዚያው ያለቀ መሰለኝ። ያን ጊዜ ከእግራችን ሥር፣ ዱቄት የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት ካለበት ጉድጓድ፣ ሳል ተሰማ። እድሪስ ለአቧራው ብሎ ጥምጥሙን እስከ ጆሮው ሸብቦ የደረቀ ዱቄት ይፍቃል። የጠራሁትን አልሰማም።

ዑስማን መሬት ላይ ቁጭ አለ። በማግሥቱ ሻይ ይዞልኝ መጣ፤ ሰንብቶም ለመኖሪያ ፈቃዴ ዋስ ሆነኝ። የእድሪስ እናት እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ ምግብ ትልክልኛለች። ይህ ሁሉ የአያ ተገኘ ውለታ ነው፤ እኔ የእሳቸውን ሕግ ይዤ ከመሰደድ በቀር ምንም አላደረግሁም።

ወራት አልፈው፣ በነጋዴ እጅ ለአያ ተገኘ ደብዳቤ ልኬ ለፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት ቀጠሮ ያዝን። ስሜን ጮክ ብለው እንዳይጠሩ በደብዳቤው ለምኜ ነበር። ካርቱም ሂጄ ደወልሁ።

«ይርጋ!» አሉ፤ ፍኖተ ሰላም ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ማኖቬላው...»

«እሱን ተወው። ቀጥቃጩ ሌላ ሠርቶልኝ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ።»

«ታዲያ አሮጌዋ ትሠራለች?»

«ምን ሁና ትሠራለች! ሊቀመንበሩ ለምን ቆመች ብሎ መጣብኝ። ሰው አልወጣም አልሁት። ማን ነው ያልወጣው ቢለኝ፣ እናንተ የምትፈልጉት አልሁት። ውስጧን በባትሪ አይቶ ሄደ።»

ከዚያ፣ በዚያ በወፍጮ ቤት ድምፃቸው እንደገና «ይርጋ!» አሉ።

ሳላስበው ሁለት እጄን አነሣሁ። ስልኩ ከእጄ አምልጦ በገመዱ ተንጠለጠለ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየኝ «ወጥቻለሁ! አያ፣ ወጥቻለሁ!» እያልሁ ጮኽሁ፤ አለቀስሁም።

ስልኩን ባነሣው አያ አጠገባቸው ላሉት ለእማማ ስንዱ ሲናገሩ ሰማሁ። «ወጥቷል። ስንዱ፣ ልጁ ወጥቷል። ሰኞ አሮጌዋን አስነሣታለሁ።» መስመሩ ተቋረጠ።

ሰኞ ጠዋት ገዳሪፍ ላይ ፊውዙን ከመመለሴ በፊት ጥቂት ቆምሁ። የአሮጌዋ ድምፅ ከዚያ አገር ድረስ እንደማይሰማ አውቃለሁ። ቢሆንም አዳመጥሁ።