ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ ቡና

ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ ከተማ ገበያ ወደ ቡና ማጠቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አረንጓዴ ቀለሙ የለቀቀ የቆርቆሮ በር አለ። ምንም አልተጻፈበትም። ሰፈሩ ግን «የዶክተር ስኳር ቤት» ይለዋል። ዶክተር ስኳር የሚባሉት አቶ ፈለቀ ዶክተር አይደሉም፤ በክሊኒክ ሠላሳ ዓመት ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። ስኳሩ ግን እውነት ነው። መድኃኒታቸው ከሰናፍጭ ፍሬ ትንሽ ተለቅ ያለ ነጭ የስኳር እንክብል ነው፤ ምላስ ላይ ተቀምጦ ይሟሟል።

ሙያውን ያስተማሯቸው ጅማ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምሩ ሕንዳዊ ነበሩ፤ ሚስተር ናያር። አንድ ቅዳሜ የቡና ተክል ሊያዩ የቡ መጥተው እግራቸውን ቆርቆሮ ቆረጣቸውና ክሊኒክ ገቡ። አቶ ፈለቀ ያኔ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ቁስሉን ሲጠርጉ ታካሚው ሐኪሙን ይጠይቁ ጀመር። ስትተኛ በየትኛው ጎንህ ነው? ሲከፋህ ሰው ትፈልጋለህ ወይስ መሸሸግ? የምትፈራው ነገር አለ? ፈለቀን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ከተወለዱ ጀምሮ አልነበረም። ፋሻውን አስረው ሳይጨርሱ ተማሪ ሆነዋል።

ትምህርቱ ሆሚዮፓቲ ይባላል። ጤነኛውን የሚያውክ ነገር እጅግ ቀጥኖ ሲሰጥ፣ ያንኑ የመሰለ ሕመም ያለበትን ያድናል ነው የሚለው። አንድ ጠብታ በዘጠና ዘጠኝ ጠብታ አልኮል ይቀጥናል፤ ብልቃጡ በቆዳ የተለበጠ መጽሐፍ ላይ እየተመታ ይናጣል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና፣ አሁንም እንደገና። መጨረሻ ላይ የተነከረው ነገር ሽታው እንኳ አይገኝም። ሚስተር ናያር ግን «አሁን ነው የበረታው» ይሉ ነበር።

አንድ ሕግም ነበረው። ቡና መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። በሽተኛው መጠጣት የለበትም፤ ሐኪሙም ቢተወው ይሻላል።

ይህ ሕግ የቡ ላይ ምን እንደሚያስከትል ሚስተር ናያር አላሰቡበትም፤ ሣጥናቸውንና መጽሐፋቸውን ለፈለቀ ሰጥተው አገራቸው ገቡ። የቡ የሚያድረው በቡና ነው። ሰው የሚታረቀውም፣ የሚተማማውም፣ ሐዘኑን የሚያወጣውም ጎረቤት በአጥር ላይ «ኮታ፣ ቡነ ዹጋ!» ብሎ ሲጣራ ነው። ኑ ጠጡ ተብሎ አልጠጣም ያለ፣ ቤታችሁን አልወደድኩትም እንዳለ ይቆጠራል።

ወርቅውሃ፣ ሚስታቸው፣ በሁለቱም ፈንታ ቡና ትሄድ ነበር። «አንተ እዚህ አድን፣ እኔ እዚያ ልኑር» ትልና ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። ስትመለስ የተባለውን ሁሉ ትነግራቸዋለች፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተጣላ፣ የማን ላም እንደወለደች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስታርፍ ጥሪውም አብሯት ቀረ። የጠላቸው የለም። «እሳቸው እኮ አይጠጡም» ይባላል፣ ያልፋል።

በሽተኛውም እያነሰ ሄደ። ትኩሳት፣ ደም ወይም እብጠት ያዩበትን ሁሉ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፤ በዚያ አይቀልዱም። የቀረው እንቅልፍ ያጣና ልቡ የተጨነቀ ነው፤ እሱም ቡና ተው ሲባል አይመለስም። ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣ አንዲት ሰው ብቻ ነበረቻቸው።

ተስፋነሽ ትባላለች። ከከምባታ ከባሏ ጋር መጥታ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ ትሠራለች፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። የመጀመሪያ ቀን አቶ ፈለቀ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቋት።

«ስታለቅሺ ሰው ፊት ነው ወይስ ብቻሽን?»

«ጋሼ፣ ይህ ደግሞ ከእንቅልፍ ምን አገናኘው?»

«ለኔ ያገናኘዋል፣ ልጄ።»

«ብቻዬን ነው» አለችና እሳቸው ፊት አለቀሰች። አቶ ፈለቀ አላቋረጧትም። ከዚያ ራሳቸው ከየቡ ጥሬ ቡና ያወጡትንና ያቀጠኑትን መድኃኒት ሰጧት፤ ጤነኛውን አንቅቶ የሚያሳድር፣ ያልተኛውን ያስተኛል በሚለው ሕግ። ሲኒ ግን እንዳትነካ አስጠነቀቋት።

ተኛች። ጌታን እያመሰገነች፣ እሳቸውንም እየባረከች ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። አቶ ፈለቀ ረቡዕ ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ። ሁለተኛዋን ወንበር መወልወልም።

በሰባተኛው ሐሙስ ግን መጥታ ሳትባርካቸው ተቀመጠች።

«እንቅልፉ እንደገና ጠፋ?»

«እንቅልፉስ ደህና ነው። ግን ጋሼ፣ ጎረቤቶቻችን እነአያንቱ ቡና መጥራት ተዉኝ። መጀመሪያ ‹ዶክተር ስኳር አገባሽ ወይ› እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አሁን መሳቁንም ተዉት። ከመጋዘን ስመለስ እስኪመሽ አንድ ቃል የማወራው ሰው የለም። ለዚህስ መድኃኒት አለዎት?»

አቶ ፈለቀ የሚስተር ናያርን መጽሐፍ ገለጡ። ገጹን መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ በራሱ ተከፈተ። «የተተወ ሰው ስሜት» ይላል፤ ከሥሩ የስምንት መድኃኒት ስም ተደርድሯል። ስምንቱም አጠገብ በእርሳስ ምልክት አለ። ምልክቱን ያደረጉት ራሳቸው ናቸው፤ ወርቅውሃ ካረፈች ወዲህ በየተራ የዋጧቸውን።

ታገሺ ቢሏት ትታገሣለች። ከስምንቱ አንዱን ቢሰጧት ሐሙስ ትመጣለች፤ የሚቀጥለውም ሐሙስ። ወንበሩ ባዶ አይሆንም። ይህን አሰቡ፤ ረጅም ጊዜ አሰቡት።

«ሄደሽ ቡናሽን ጠጪ» አሏት።

«መድኃኒቱስ?»

«አልቋል።»

ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል። ተስፋነሽ አየችው፤ እሳቸውን አየች፤ እጃቸውን ስማ ወጣች።

የሚቀጥለው ሐሙስ ማንም አልመጣም። አቶ ፈለቀ ግን ጢማቸውን ተላጭተው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ሲኒ ሲንኳኳ፣ የተስፋነሽም ሳቅ ከሌላው ሳቅ መሐል ሲወጣ ሰሙ። ደስ አላቸው፤ ከዚያ በሩን ዘጉ።

በሁለተኛው ሐሙስ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ተስፋነሽ ናት። ከኋላዋ አያንቱ፣ ወገቧን ይዛ።

«ይምጡ፣ ቡና» አለች ተስፋነሽ።

«እንደማልጠጣ ታውቂያለሽ።»

«አይጠጡ። ይቀመጡ።»

«ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣» አለች አያንቱ፣ «ይነሱ እንጂ፣ ቡናው ቀዘቀዘ! ደግሞ አንነክስም።»

አያንቱ ቤት በሩ አጠገብ ያለችውን በርጩማ ሰጧቸው። አምስት ሴቶች ነበሩ፤ ሲገቡ ወሬው ቆመ። አቶ ፈለቀ ከበሽተኛ በቀር ሰው ማነጋገር ጠፍቶባቸዋል። ወደ አንዷ ዞረው «በየትኛው ጎንሽ ነው የምትተኚው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አያንቱ እንባዋን እየጠረገች በልማድ ሲኒውን ሞልታ እጃቸው ላይ አኖረችው፤ ቆይታ ነው ያስታወሰችው። «ውይ! ለካ እርስዎ...»

አቶ ፈለቀ ጠጡት።

ከዚያ ጠበቁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠዋት ጠዋት የዋጡት እንክብል ሁሉ ውስጣቸው ሲከሽፍ፣ የሆነ ነገር ሲናድ ይሰማኛል ብለው ጠበቁ። ምንም አልተናደም። ሲኒው ሞቅ ያለ ነው፣ ምላሳቸው መራራ ነው፤ ሌላ የለም። ፊታቸው ሲጠቁር አያንቱ ደነገጠች።

«መረረዎት እንዴ?»

«አይ፣» አሉ። «ወርቅውሃ የት ነበር የምትቀመጠው?»

አያንቱ ጀበናውን አስቀምጣ ወደ እሳቸው አመለከተች።

«እዚያው። የተቀመጡባት በርጩማ ላይ።»

አቶ ፈለቀ በርጩማዋን ጎንበስ ብለው አይዋት፤ አንዱ እግሯ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። እንዳትነቃነቅ እግራቸውን አደላደሉ። ከዚያ ሲኒውን ለሁለተኛው ዘረጉ።