የአማቴ ፀጉርና የኩሬው ዳክዬዎች

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ... ሥራ ቦታ ምሳ እያደልኩ ሳለ የባሌ የእህቱ ልጅ ሳሮን ኮል አደረገችልኝ። «ቲጂ፣ እማማ ሥጋ በጣም ትበላለች?»

ሳቄ መጣ። እማማ ማለት አማቴ ናቸው፣ የባሌ የዳኒ እናት። ከፋሲካ በኋላ ነው ከደሴ የመጡት፣ እዚህ አሜሪካ፣ ቤድፎርድ እኛ ጋ ነው ያሉት። ጾም ሲሆን ቅቤ የነካውን ማንኪያ እንኳን ከአጠገባቸው የሚያርቁ ሴትዮ ናቸው።

ሳሮን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ወፎች ታጠናለች። ላባ ለቅማ ማሽን ውስጥ ትከትና ወፏ ምን ስትበላ እንደከረመች ታውቃለች። አይሶቶፕ ነው የምትለው። እኔ እንደገባኝ፣ ናይትሮጅን የሚባለው ነገር ከበድ ያለም ቀለል ያለም አለው። ሰው ሥጋ በበላ ቁጥር ከባዱ ይበዛል፣ ላባም ፀጉርም ሲያድግ ያንን ይዞ ያድጋል። ክረምቱን ከኛ አፓርትመንት ጀርባ ካለው ኩሬ ዳር የዳክዬ ላባ ስትለቅም ነው የከረመችው። የኛዎቹ ዳክዬዎች ከሌላው ኩሬ ተለይተው በቆሎ የመሰለ ነገር እንደሚበሉ ደርሳበት ግራ ገብቷት ነበር። ከዚያ መስከረም ላይ የሰውም ልሞክር ብላ ወደ እማማ ፀጉር ዞረች። ጾም ፀጉር ላይ ይታያል አለችን።

እማማ መጀመሪያ እምቢ አሉ። የሰው ፀጉር ተቆርጦ እንዲሁ የትም አይሄድም፣ መተተኛ እጅ ቢገባስ? በስንት ልመና፣ ማሽኑ አቃጥሎ እንደሚጨርሰው አስምለዋት ከማጅራታቸው ጥቂት ሰጧት። የልጅ ልጅ ሆነችባቸው፣ ምን ያድርጉ። ከኔም ልትቆርጥ ነበር፤ ይሄ የሌላ ሰው ፀጉር ነው፣ እኔ የገዛሁት ነው ብዬ አመለጥኩ።

ሶ፣ ውጤቱ መጣ። ሁዳዴ ቁልጭ ብሎ ይታያል አለችኝ፣ የከባዱ ናይትሮጅን መስመር ወርዷል። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ግን መስመሩ ይወጣል፣ ይወጣል... ፍልሰታ ላይ እንኳን አልወረደም።

እኔ አሁንም እየሳቅኩ ነው። እማማ ተደብቀው በርገር ጀምረዋል ማለት ነው ልላት ስል ቀደመችኝ።

«ሥጋ ካልበላች ሌላ ሪዝን አለ» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ምግብ ሲያቆም ባዲው የራሱን ሥጋ ይበላል። ማሽኑ ላይ ሥጋ የበላ ይመስላል።»

ይሄ የሐኪም ምርመራ እንዳልሆነ፣ ልትሳሳትም እንደምትችል ደጋግማ ነገረችኝ፤ ግን ማን ይሰማታል።

እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ነው። ሥራዬ አዛውንቶቹ ምሳቸውን ግማሹን በሉ፣ ሩቡን በሉ እያልኩ መመዝገብ ነው። ያን ሰዓት ራሱ እጄ ላይ የሰው ትሪ ነበር። የሰው እናት ስንት እንደጎረሰች እየቆጠርኩ የቤቴን ሳላይ!

አለቃዬን ለምኜ ወጣሁ። ሃይዌዩ ላይ ያላሰብኩት ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት እንጀራና ወጥ ሳህን ላይ አድርጌላቸው ነው የምወጣው፤ ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቶ ይጠብቀኛል። እሁድ አብረን ስንቀመጥ ደግሞ በደንብ ይበላሉ። ሲከሱ እያየሁም ጾም ነው ብዬ አለፍኩት። ክፉ በሽታ ይሆን? ጥርሳቸው ይሆን? ወይስ የኔን እጅ ተጸይፈው? ይቅር ይበለኝና ያሰብኩት ነገር ደግሞ... ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ቤተክርስቲያን ምን ሊባል ነው፣ ምራቷ አሜሪካ ድረስ አምጥታ አስርባ ገደለቻት ነው የሚባለው።

ቤት ስገባ የሉም። ሳህኑም የለም። በጓሮ በር ወጣሁ።

ኩሬው ዳር ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሳህኑ ጭናቸው ላይ። ዳክዬዎቹ ከበዋቸዋል። እንጀራውን ቆረስ እያደረጉ ይወረውሩላቸዋል፤ አንዷን ደግሞ አንቺ ቅድም በልተሻል፣ ለሷ ተይላት እያሉ ይቆጧታል።

ሲያዩኝ ደንግጠው ሊነሱ አሉና ጉልበታቸው ከዳቸው። ሮጬ ደገፍኳቸው። ክንዳቸውን ስይዝ አጥንት ብቻ ነው።

«እማማ፣ ለምን አይበሉም? ያምዎታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ብቻዬን ሲሆን አልዋጥ አለኝ» አሉ፣ የሰው ዕቃ እንደሰበረ ሰው አንገታቸውን ደፍተው። «ከተፈጠርኩ ብቻዬን ገበታ ቀርቤ አላውቅም ልጄ። ብነግራችሁ ሥራ ትፈታላችሁ። እህል መድፋት ደግሞ ግፍ ነው። እነሱ ምሳ ሲደርስ ይመጣሉ...»

ዳኒ ሲነጋ መኪናውን ይዞ ይወጣል፣ እኔ ሺፍት ላይ ሺፍት እደርባለሁ። እኛ ምሳ ሲደርስ አንመጣም።

እዚያው ሳሩ ላይ ተቀምጬ የተረፈውን አብረን በላን። አጎረስኳቸው፣ አጎረሱኝ። እያለቀስኩ ሽሮ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። ደማቸው አንሷል፣ ክብደት ቀንሰዋል፣ ሌላ ነገር የለም፤ ተመስገን። እኔ ሺፍቴን አስቀየርኩ፣ ዳኒም እኔ በሌለሁበት ቀን ለምሳ ቤት ይመጣል። ጭንቀቱ ግን አልለቀቀኝም። አሁንም ሲጎርሱ አፍ አፋቸውን አያለሁ፣ ካልዋጡ አላምንም። እሳቸው ተሰላችተውብኛል።

ለሳሮን ስነግራት መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ የዳክዬዎቹ ነገር አሁን ገባኝ አለችኝ፤ ለካ ጤፍ ማሽኑ ላይ ከበቆሎ ወገን ነው።

ዳክዬዎቹ ግን እስካሁን አልተዉንም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በረንዳችን ድረስ መጥተው ያፈጡብናል... አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም።